ኤፊ ክራም ምን አጠፋች?

ጊልያን የደንሞርን ቤተ መዛግብት በር ገፍታ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ጭቃ የለበሰ የላስቲክ ቦት ጫማ ነበር። የጫማው ባለቤት፣ ጸጉሩ ላይ ጭድ የተሰካበት ረዥም ሰውዬ፣ ጠረጴዛ ስር ተንበርክኮ ከኤሌክትሪክ ገመድ ጋር ይታገላል።

«ማሞቂያውን ሊጠግኑ ነው የመጡት?» አለችው።

ሰውዬው ቀና ሊል ሲል ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ጋር አላተመና «ኧረ እርስዎን ላስተናግድ ነው የመጣሁት!» አላት።

ጊልያን በሃፍረት ቀላች። ሰውዬው ግን ግንባሩን እያሻሸ ይስቃል። ሎርን ታካቤሪ ይባላል። ስልሳ የወተት ላሞች አሉት፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በነፃ ቤተ መዛግብቱን ያገለግላል። የድሮ ወረቀት ይወዳል። ሚስት የለውም። ይህን የመጨረሻውን የነገረቻት በማዕዘኑ ጠረጴዛ ሹራብ የምትሠራው አሮጊቷ የቤተ መዛግብቱ ኃላፊ፣ ሚስ ቤሪል ናት። ማንም ሳይጠይቃት!

«የማንን መዝገብ ነው የሚፈልጉት?» አለ ሎርን።

«የቅድመ አያቴን። ኤፊ ክራም ትባላለች። በ1908 በአሥር ዓመቷ ብቻዋን ከእንግሊዝ በመርከብ የመጣች...»

ዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ከተሞች የድሃ ልጆቻቸውን በመርከብ እየጫኑ ወደ ካናዳ ይልኩ፣ የካናዳ ገበሬም እየፈረመ ይወስዳቸው ነበር። ለጉልበታቸው ነበር የሚፈልጋቸው።

ጊልያን አልተቀመጠችም። ከቶሮንቶ ሁለት ሰዓት ነድታ መጥታ፣ አሁንም አንድ እግሯ ወለሉን ይመታል፣ ስልኳን ከእጇ አታወርድም። የአረጋውያን ማረፊያው በማንኛውም ደቂቃ ሊደውልላት ይችላል።

«የኤፊ ልጅ አያቴ ኦርቪል ናቸው። ዘጠና ሁለት ዓመታቸው ነው። እናታቸው ልትሞት ስትል አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፤ ‹ምንም ሳላጠፋ ወደ ቤት መለሱኝ።› የአገሩ ሰው ደግሞ ‹ሰርቃ ነው የተባረረችው› ይል ነበር። አያቴ በልጅነታቸው በዚህ ነገር ስንቴ ተደባድበዋል! አሁን ሐኪሞቹ ቅጠል እስኪረግፍ ላይቆዩ ይችላሉ አሉኝ። እሳቸው የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ‹እናቴ ምን አጥፍታ ነው የተባረረችው? ሳልሞት ልወቅ።› እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ ወደ እንግሊዝ የተመለሱ መርከቦችን የተሳፋሪ ዝርዝር ስበረብር ኖርኩ። ስሟ የለም!»

ሎርን በመስኮቱ ወደ ኮረብታው ጠቆመ። ባለ ሦስት ፎቅ ቀይ የጡብ ሕንፃ ቆሟል፤ ዛሬ የኪራይ አፓርታማ ሆኗል።

«‹ቤት› ያ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ልጆቹ ከመርከብ ወርደው የሚገቡበት፣ ገበሬው ‹አልፈልግም› ሲል የሚመለሱበት። እዚህ አካባቢ ድሮ ‹ቤት› ሲባል እሱ ነው። ወደ እናቷ አልተመለሰችም...»

በእኛ አማርኛ «የቤት ልጅ» ማለት ፍቅር ነው። እንግዳ አይደለህም፣ ገብተህ ብላ ማለት ነው። እዚያ አገር ግን ልጆቹን የሚሰድቡበት ቃል ነበር። ቤት የሌለውን ልጅ የቤት ልጅ ብሎ መስደብ! እኔ ይህን ያወጣውን ሰው ባገኘው የምለው አላጣም።

ጊልያን ያኔ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስድስት ዓመት በማይሆን ባሕር ላይ! ልትስቅ ፈለገች፣ እንባዋ ቀደማት። ሎርን ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ሰጣት። ላም ላም ይሸታል። ቢሆንም አበሰችበት።

«የዚያ ቤት መዝገቦች እዚህ ናቸው» አላት። «ግን አንድ ችግር አለ። የተደራጁት በልጆቹ ስም አይደለም፤ በገበሬዎቹ ስም ነው። ልጁን ለማግኘት የወሰደውን ገበሬ ማወቅ አለብሽ።»

«ምን? ልጆቹ በስማቸው እንኳ አልተመዘገቡም?»

«የኔ ላሞች እንኳ በስማቸው ነው የተመዘገቡት» አለ ሎርን፤ አሁን አልሳቀም። «ገበሬውን ካላወቅሽ ከኤ እስከ ዜድ እያንዳንዱን ገጽ ማየት ነው።»

«እርስዎ» መቼ «አንቺ» እንደሆነ ሁለቱም ልብ አላሉም። ሚስ ቤሪል ግን ልብ ብላለች።

ከመጋቢት ጀምሮ ጊልያን ማክሰኞና ሐሙስን በደንሞር ዋለች። የሒሳብ መምህርነቷን ለጊዜው የግማሽ ቀን አደረገችው። ኤ አለቀ፤ ቢ አለቀ። በየገጹ ተቆጣጣሪው በዓመት አንድ ጊዜ እርሻውን ጎብኝቶ የጻፋቸው ሁለት ሦስት መስመሮች አሉ፤ ልጁ ጤነኛ ነው፣ ልጅቷ አልጋዋን ታረጥባለች፣ ልጁ ጫማ የለውም፣ ገበሬው ረክቷል። ጊልያን አንዳንዱን ስታነብ ተነስታ በክፍሉ ውስጥ ትንቆራጠጣለች።

«ተቀመጪ፣ ወለሉን ጨረስሽው» ይላታል ሎርን።

«ልቤ አይቀመጥማ!»

«እሱንስ ስጪኝ፣ እኔ አስቀምጥልሻለሁ።»

«አቤት! ላሞችህን እንዲህ ነው የምታባብላቸው?»

«ላሞቼስ ከአንቺ ይሻላሉ። ሲጠሯቸው ይመጣሉ።»

በኤች ላይ ሲደርሱ እጇን ያዘ። በኤም ላይ፣ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ በመኪናው ውስጥ ሳማት። አያቷ ጋ ይዛው ስትሄድ አቶ ኦርቪል አንድ ጊዜ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «ይሄ ልጅ እጁ የሥራ እጅ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው በሹክሹክታ «ደረሳችሁ?» አሏት።

«ፒ ላይ ነን፣ አባባ።»

«ቶሎ በሉ እንጂ፣ ልጄ። እኔ ዜድ ላይ ነኝ።»

ጊልያን ደስተኛም ጭንቀታምም ሆነች። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ልቧ ይቆማል። ፊደሉ እንዲያልቅ ትቸኩላለች፣ ሲያልቅ ማክሰኞና ሐሙስ እንዳይቀርባት ደግሞ ትፈራለች። ሎርንም ተለወጠ። ከአር በኋላ ቀልዱ ቀነሰ፣ ገጹን ሲገልጥ እጁ ይዘገያል። ኤስን ጨርሰው ቲን ልታወርድ ስትነሳ ቀደማት።

«ቲ የለም። ውሃ ነክቶት ለጥገና ተልኳል። ወደ ዩ እንለፍ።»

«መቼ ይመጣል?»

«እንጃ... ይቆያል።»

ዓይኗን አላየም። እሷም ፍቅር ይዟታልና አልጠረጠረችም።

ዩ፣ ቪ፣ ደብልዩ፣ ዜድ። ኤፊ የለችም። የቀረው ቲ ብቻ ነው። አቶ ኦርቪል መብላት አቁመዋል። በሰኔ ወር አንድ ማክሰኞ ሎርን ሣር አጨዳ ላይ ስለነበር አልመጣም፤ ጊልያን ብቻዋን ሚስ ቤሪል ፊት ቆመች።

«ሚስ ቤሪል፣ እባክሽ፣ ለጥገና የሄደው የቲ መዝገብ የት ነው? እዚያው ሄጄ አየዋለሁ። ጊዜ የለኝም!»

ሚስ ቤሪል የሹራብ መርፌዋን አቆመች። «የምን ጥገና? ያው እኮ በኋላ ክፍል፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው።»

ጊልያን ወንበር ላይ ቆማ አወረደችው። ደረቅ ነው። ውሃ ነክቶት አያውቅም። በሃያ ደቂቃ ውስጥ አገኘችው፤ «ታካቤሪ፣ ኤፍሬም። የወሰዳት ልጅ፦ ኤፊ ክራም።» ከሥር የአራት ዓመት ጉብኝት አለ። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፤ «ጥቅምት 1912። ወደ ቤት ተመለሰች። ምክንያት፦ ከወንድ ልጃቸው ጋር ችግር።»

ደጋግማ አነበበችው። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከወንድ ልጃቸው ጋር... ጊልያን በዚያ ገጽ ላይ የታያትን እኔ አልጽፈውም፤ አንባቢም የታየው ያው ነው።

እርሻው ስትደርስ ሎርን ላሞቹን እያለበ ነበር። ፊቷን ሲያይ የማለቢያ ማሽኑን አጠፋ።

«አንብበሻል» አለ።

«አንተስ መቼ ነው ያነበብከው?»

«ጂ ላይ እያለን። ስሙ የቤተሰቤ ስለሆነ አስቀድሜ አየሁት።»

«ጂ ላይ! እጄን ከመያዝህ በፊት? አንተ ያን አውቀህ ነው እጄን የያዝከው?»

«ጊልያን፣ ፈራሁ...»

«ማንን? የሞቱትን?»

«አንቺን ማጣት ነዋ! ልጁ ማለት ዌስሊ ነው፣ የኔ ቅድመ አያት። ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ምን እንዳደረጋት አላውቅም፤ ቤተሰቤ ውስጥ ስለ እሷ ተወርቶ አያውቅም። ብነግርሽ ፊቴን በየቀኑ እያየሽ እሱን ታያለሽ ብዬ...»

«አያቴ እየሞቱ ነው፣ ሎርን! ዘጠና ዓመት የጠበቁት መልስ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ አንተ ወደ ዩ እንለፍ አልከኝ። የቅድመ አያትህ ጥፋት ያንተ አይደለም። ይሄኛው ግን ያንተ ነው!»

መኪናዋ ከግቢው ስትወጣ ሎርን ባለበት እንደ ቆመ ነበር፤ ያልታለቡት ላሞች ይጮሃሉ።

ከዚያ በኋላ አሥር ቀን አለፈ። ሎርን ደወለ፣ አላነሳችም። ደግሞ ጠበቀችው፤ ሳይደውል በቀረ ቁጥር ተናደደች፣ ሲደውል ደግሞ ባሰባት። ለአያቷ ምን እንደምትላቸው ግራ ገባት። «ቲ ጋ ደረሳችሁ?» ሲሏት «ገና ነው፣ አባባ» ትላለች። እሷም እንደ ሎርን ገጽ መደበቅ መጀመሯን ያወቀችው በዚያው ሰሞን ነው። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሚስ ቤሪል ደወለች።

«ነገ ነይ። ወደኔ ነው የምትመጪው፣ ወደሱ አይደለም።»

ስትደርስ ሚስ ቤሪል ለሁለት የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ጠበቀቻት።

«ያ ሞኝ ሰውዬ ካንቺ ጋር ከተጣላ ወዲህ ላሞቹን ጎረቤት እያለበለት፣ እዚህ ከጧት እስከ ማታ የቤቱን ደብዳቤዎች ሲበረብር ነው የከረመው። አሥራ ዘጠኝ ካርቶን! ያ መዝገብ ላይ የተጻፈው ገበሬው ያለው ብቻ ነው፣ ሌላውን ሰው ማን ጠየቀው? ትናንት ይሄን አገኘ። ፊርማውን ሲያይ መልሶ አጠፈው።»

«ምን ይላል?»

«እሱም አላነበበው፣ እኔም አላነበብኩት። ‹መጥፎም ይሁን ጥሩ፣ ከኔ በፊት እሷ ታንብበው› ነው ያለኝ።»

ጊልያን ወረቀቱን ዘረጋችው። ጽሑፉ የልጅ እጅ ጽሑፍ ነው፤ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል።

«ለቤቱ ኃላፊ። ኤፊ ክራም ምንም አላጠፋችም። በእኛ ቤት የሠራተኛ ልጅ ከቤተሰብ ጋር ገበታ አይቀርብም። እሷ ሦስት ዓመት ከማድ ቤቱ ኋላ ብቻዋን በላች። እኔ እህት የለኝም። ከገና ጀምሮ ሳህኔን ይዤ እየሄድኩ ከእሷ ጋር በላሁ። አባቴ ተው አለኝ፤ አልተውኩም። ገረፈኝ፤ አልተውኩም። እኔን ማባረር ስላልቻለ እሷን አባረረ። እባክዎ መዝገቡ ላይ ችግሩ የእሷ እንዳልሆነ፣ የእኛ እንደሆነ ይጻፉልኝ። አድራሻዋንም ይላኩልኝ። ዌስሊ ታካቤሪ፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ።»

በጀርባው ላይ በሌላ ሰው እጅ ሁለት ቃል ተጽፏል፤ «መልስ አያሻውም።»

ጊልያን ደረቷን ይዛ አለቀሰች። ሚስ ቤሪልም ተንጠራርታ አንብባ «ወይ ልጆቼ!» አለችና ሹራቡን ፊቷ ላይ አደረገች።

«የት ነው ያለው?» አለች ጊልያን።

«የት ይሆናል? መኪናው ውስጥ ጥፍሩን እየበላ።»

ጊልያን ሮጣ ወጣች። ሎርን መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀምጧል። ጢሙ አድጓል፣ ከስቷል። በሩን ከፍታ አጠገቡ ገባችና ምንም ሳትለው ደብዳቤውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችለት። «ገረፈኝ፤ አልተውኩም» ላይ ስትደርስ ያ ግዙፍ ሰውዬ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ተንሰቀሰቀ።

«እኔ... እኔ እኮ ሦስት ወር ሙሉ ስጠላው ነበር» አለ።

«እኔም አሥር ቀን።»

«እሱ ተገርፎ እንኳ አልደበቀም። እኔ ማንም ሳይነካኝ ደበቅኩ። ይቅር በይኝ፣ ጊልያን።»

«መጥፎ ቢሆንስ ኖሮ ደብዳቤው?»

«ያንቺ ነው። ቢያሳጣኝም ያንቺ ነው።»

ይህን ሲል ዓይኗን አይቶ ነው። ጊልያን ያመነችው ያን ጊዜ ነው።

«ሁለተኛ ገጽ ትደብቅብኝና...!» አለችው፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

በዚያው ቀን ተያይዘው አቶ ኦርቪል ዘንድ ሄዱ። ሎርን አልጋው አጠገብ ቆሞ፣ ማንም ሳያዘው፣ የማን ልጅ እንደሆነና ምን እንደደበቀ ራሱ ተናገረ። ከዚያ ጊልያን ደብዳቤውን አነበበች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«እስቲ የመጀመሪያውን ድገሚልኝ።»

«‹ኤፊ ክራም ምንም አላጠፋችም።›»

«አሁንም።»

«‹ኤፊ ክራም ምንም አላጠፋችም›፣ አባባ።»

«እማዬ...» አሉ ሽማግሌው፤ እንደ ሕፃን። እንባቸው በጆሯቸው በኩል ትራሱ ላይ ወረደ። «ሌባ ያሏት ሁሉ ሞተው አለቁ እንጂ ይሄን በየበራቸው እየዞርኩ ባነበብኩላቸው ነበር!» ቆይተው ወደ ሎርን ዞሩ። «አንተ፣ ና ወዲህ። ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ሠላሳ ሰባት።»

«ቅድመ አያትህ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ወንድ ነበር። አንተም እንግዲህ ሃያ ዓመት ዘግይተህ ደርሰሃል። ቁጭ በል።» እጁን ይዘው አልለቀቁትም። ማታ ሾርባ አምጡልኝ አሉና ነርሷን አስደነገጧት።

ሐሙስ ወደ ቤተ መዛግብቱ ተመለሱ። ዌስሊ ከመቶ ዓመት በላይ መልስ ያላገኘበት ልመና ግን ገና ነው። በአሮጌ መዝገብ ላይ መጻፍ ክልክል ነው፤ ሚስ ቤሪል ለማንም አትፈቅድም። የሚፈቀደው ከገጹ ጋር የሚቀመጥ የማረሚያ ቅጽ መሙላት ነው። ሎርን ቁጭ ብሎ በጥንቃቄ ጻፈ፤ «ኤፊ ክራም ምንም አላጠፋችም። ችግሩ የእኛ ነበር።» ስሙን ጻፈ፣ ቀኑን ጻፈ። ከዚያ ብዕሩ ቆመ።

«ምነው?» አለች ጊልያን።

«‹ከተመዘገበችው ሰው ጋር ያለዎት ዝምድና› ይላል። እኔ ምኗም አይደለሁም። ምን ልበል?»

ጊልያን ትከሻው ላይ ጎንበስ ብላ ቅጹን አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ እግሯ ወለሉን አይመታም።

«ባል ብለህ ጻፍ» አለችው።

«እ?»

«የማን ባል?» ጮኸች ሚስ ቤሪል ከማዕዘኗ። «መዝገብ ነው፣ በትክክል ይጻፍ!»

«የልጅ ልጇ ልጅ ባል።»

የሎርን ጆሮ ሳይቀር ቀላ። «ውሸት... ውሸት መዝገብ ላይ አይጻፍም እኮ» አለ።

«ምን ያህል ጊዜ ይበቃሃል እውነት ለማድረግ?»

«እስከ መስከረም። አይ፣ እስከ ነሐሴ! አያትሽ...»

«እንግዲያው እስከ ነሐሴ።»

ሚስ ቤሪል ቅጹን ከእጁ ነጥቃ ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበትና «ነሐሴ ላይ ተሞልቶ ገጹ ውስጥ ይገባል፣ እስከዚያ በአደራ ነው» አለች። በነሐሴ ሁለተኛው ቅዳሜ፣ አቶ ኦርቪል በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው የልጅ ልጃቸውን ከዳሩ በኋላ፣ ሙሽሮቹ ከነልብሳቸው ወደ ቤተ መዛግብቱ ሄዱ። ሎርን ባዶውን ቦታ ሞላ።